ሱባኤ በሰሜን ተራሮች ግርጌ

ሱባኤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ከቤቱና ከሥራው ተለይቶ ለተወሰኑ ቀናት በጾም፣ በጸሎትና በስግደት የሚሰነብትበት ሥርዓት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የንስሐ አባት ፈቃድ ይጠየቅበታል። «ሱባኤ ገባ» ይባላል፤ ቤቱ እንደሚገባ ሰው።

ስያሜና አመጣጥ

ቃሉ ግእዝ ሲሆን ከሰባት ቁጥር ጋር ይዛመዳል፤ ትርጉሙም ሳምንት ነው። የትንቢተ ዳንኤል «ሰባ ሱባኤ» ይኸው ቃል ነው። 7፣ 14 ወይም 21 ቀን መያዝ የተለመደውም ለዚህ ይመስላል። አመጣጡን የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ከሐዋርያት ያደርሰዋል። የእመቤታችንን ሥጋ ለማግኘት ከነሐሴ 1 ጀምረው ሁለት ሱባኤ ያዙ፤ በ14 ተቀብለው ቀበሯት፤ በ16 ተነሥታ ስታርግ ያያት ግን ቶማስ ብቻ ነበር። ሌሎቹ «እሱ አይቶ እኛ ይቅርብን?» ብለው በዓመቱ ዳግመኛ ሱባኤ ገቡ። የፍልሰታ ጾም በዚህ ይታሰባል።

ደባርቅ

ፍልሰታ የሚውለው ክረምቱ ሲበረታ ነው። ሌሊት ሰዓታት ይቆማል፣ ጠዋት የውዳሴ ማርያም ትርጓሜ ይሰማል፣ ቀን ይቀደሳል። ምግቡ ጥሬ ሽምብራ ወይም በሶ፣ ልብሱ ጋቢ ነው። 2,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ በምትገኘው ደባርቅ ጋቢ ጌጥ አይደለም።

ዋልድባ

ከደባርቅ ተነሥቶ ጣሊያን በወረራው ዘመን በቀየሰው የሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ የወረደ ሰው በአዲ አርቃይ በኩል ወደ ዋልድባ ቆላ ይዘልቃል። የዋልድባ ገዳም ጥንት አከራካሪ ነው። የገዳሙ ትውፊት ታሪኩን ከቅድስት ቤተሰብ ስደት ይጀምራል፤ የታሪክ ጸሐፊዎች ደግሞ በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ15ኛው መጀመሪያ ከኖሩት ከአባ ሳሙኤል ጋር ያያይዙታል። አባ ሳሙኤል የደብረ በንኮሉ የመድኃኒነ እግዚእ ደቀ መዝሙር ሲሆኑ፣ ገድላቸውን ሩሲያዊው ቦሪስ ቱራዬቭ በ1902 እ.ኤ.አ. አሳትሞታል። ሁለቱን ማስታረቅ የሚቻል አይመስልም፤ መነኮሳቱም የታሪክ ጸሐፊን ምስክርነት አልጠበቁም።

ዋልድባን ከሌሎች ገዳማት የሚለየው ማዕዱ ነው። እህል አይቀመስም፤ የሚበላው ከሙዝና ከሥራ ሥር የሚዘጋጀው ቋርፍ ነው። ጤፍ የለም ማለት መዝራት፣ ማጨድ፣ መውቃት፣ መፍጨት፣ ማቡካትና መጋገር የለም ማለት ነው፤ የገበሬውን ዓመት የሚሞላው ድካም ሁሉ ከበሩ ውጭ ይቀራል። ለሱባኤ የመጣ እንግዳ ዐረፍኩ የሚለው ምናልባት ይኸንን ነው፤ እግሩማ በስግደት ዝሏል።

ሴቶች

ሴቶች ወደ ውስጠኛው የዋልድባ ክፍል፣ ወደ አብረንታንት ገዳም፣ አይገቡም።