ሸራውን የያዙት ሰዎች

እ.ኤ.አ. በ1960 ፈረንሳዊው ሠዓሊ ኢቭ ክላይን በፓሪስ አቅራቢያ ከአንድ ቅጥር አናት ወደ ጎዳና ሲወረወር ሃሪ ሹንክና ያኖሽ ኬንደር ፎቶግራፍ አነሡት። ለሕዝብ በቀረበው ሥዕል ከበታቹ ያለው ጎዳና ባዶ ነው። ይሁን እንጂ በዚያች ሰዓት ሸራ ዘርግተው የሚቀበሉት ሰዎች ነበሩ፤ ፎቶግራፍ አንሺዎቹ ባዶውን ጎዳና ለብቻ አንሥተው ሁለቱን ኔጋቲቮች አዋሐዷቸው።

ሰዎቹ የሚታዩበት ቅጂ ግን፣ የዘመኑን ሠዓሊዎች ሥራና ትርኢት እስከ 1973 በመዘገበው ማኅደራቸው ውስጥ ተጠብቋል። እኛ መሐንዲሶች ሕንፃው ሲመረቅ መወጣጫውን አንሥተን የግንባታውን ፎቶግራፍም ብዙ ጊዜ አብረን እንጥላለን፤ እኔም ጥያለሁ። ከታወቀው ሥዕል ይልቅ ይህ ቅጂ ይበልጥብኛል፤ ዝላዩ እንዴት እንደተቻለ የሚነግረን እርሱ ነውና።

ሹንክ በ2006 ካረፈ በኋላ የሮይ ሊክተንስታይን ፋውንዴሽን ማኅደሩን ገዝቶ የኒውዮርኩን የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየምና የለንደኑን ቴት ጨምሮ ለአምስት ተቋማት በስጦታ አከፋፈለ።