የፈላ ውኃና የማገዶ ሒሳብ

ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኘው ወሎ ሰፈር፣ ስሙ ራሱ እንደሚመሰክረው፣ ከወሎ ምድር ጋር የተሳሰረ መንደር ነው። የወሎ ሰው ደግሞ በቡናው ይታወቃል። ጀበናው ተጥዶ ይንተከተካል፤ አቦሉ ይቀዳል፤ ውኃ ተጨምሮበት ቶናው፣ በመጨረሻም በረካው ይከተላል። ቡና አፍዪዋ ይህን የምታደርገው እንግዳና ጎረቤት ለማክበር እንጂ ተሐዋስያንን ለመግደል አልነበረም። ይሁን እንጂ በዚያ ቤት በቀን ውስጥ ከሚጠጣው ሁሉ ከበሽታ የጸዳው ከጀበናው የሚቀዳው ሳይሆን አልቀረም። ለጥም የሚጠጣው ውኃ ግን ከእንስራው በጣሳ እየተጨለፈ እንዳለ ይጠጣ ነበር።

ውኃን ስለ ጤና ሲባል አፍልቶ መጠጣት ሰፊ ትምህርት የሆነው የበሽታ መንሥኤ በሳይንስ ከታወቀ በኋላ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮክ የኮሌራን ተሐዋሲ ለይቶ ያሳወቀው እ.ኤ.አ. በ1884 ነበር። ከስምንት ዓመት በኋላ በሐምቡርግ ከተማ ኮሌራ ገብቶ ከ8,000 በላይ ሰዎች ሲያልቁ፣ የወንዙን ውኃ አጣርታ ታድል የነበረችው ጎረቤቷ አልቶና ግን በአብዛኛው ተረፈች። በዚያ ጭንቅ ጊዜ በሐምቡርግ የፈላ ውኃ በጋሪ እየተጫነ ለነዋሪው ይታደል እንደ ነበር መታወስ ይገባዋል። የማፍላቱ ድካምና የማገዶው ወጪ፣ ቢያንስ በከፊል፣ የከተማው ሆኖ ነበር ማለት ነው። በእኛ አገር ግን ሸክሙ የወደቀው በየቤቱ ምድጃ ላይ ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ውኃዋ ከእንጦጦ ሥር ከሚመነጩት ምንጮችና ከወንዞቿ የሚቀዳ ነበር። ከውኃው ቀድሞ ያለቀው ግን እንጨቱ ነው። የሕዝቡ ብዛት የአካባቢውን ደን ጨርሶ፣ ዐፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። ከተማይቱን በቦታዋ ያቆያት ከውጭ አገር መጥቶ በፍጥነት የሚያድገው ባሕር ዛፍ መሆኑ የታወቀ ነው። ባሕር ዛፍ ውኃ ይጠጣል እየተባለ ሲወቀስ የኖረ ዛፍ ቢሆንም፣ ለብዙ ዘመን የከተማይቱን ድስትና ጀበና ያፈላው እርሱ ነው። ቅጠሉንና ጭራሮውን ከእንጦጦ በጀርባቸው ተሸክመው ያወርዱ የነበሩት ሴቶች በውኃ ታሪክ ውስጥ ስማቸው አይነሣም፤ ሊነሣ በተገባ ነበር።

የቧንቧው ታሪክ በአጭሩ ሊነገር ይችላል። የገፈርሳ ግድብ በ1930ዎቹ፣ የለገዳዲ ግድብ በ1960ዎቹ መጀመሪያ አገልግሎት ጀመሩ። ሆኖም ቧንቧው እያንዳንዱ ጓሮ አልገባም። በአሮጌዎቹ ሰፈሮች ብዙ ሰው ቦኖ ላይ ተሰልፎ ቀድቶ፣ ተሸክሞ፣ ቤት ውስጥ አከማችቶ ይጠቀም ነበር። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ያሠለጠናቸው የጤና መኮንኖች፣ የኅብረተሰብ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ጥበቃ ባለሙያዎች ወደ ሕዝቡ ሲወጡ ካስተማሩት ነገር አንዱ ውኃን አፍልቶ መጠጣት ነበር። በ1963 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው ኮሌራ ኢትዮጵያ ሲደርስ ይኸው ምክር ይበልጥ አስፈላጊ ሆነ።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የማያንስ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ታዲያ ይህ ሙቀት ይበቃልን? ይበቃል። የኮሌራና የታይፎይድ ተሐዋስያን ከ70 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ፈጥነው ይሞታሉ። ከ2,000 ሜትር በላይ በሚገኙ ቦታዎች ውኃው ከተንተከተከ በኋላ ሦስት ደቂቃ እንዲቆይ የሚመከረው ለበለጠ ጥንቃቄ ነው። ሩብ ሰዓት ማፍላት ግን ማገዶ ማባከን ነው። (በስምጥ ሸለቆ እንደሚያጋጥመው ያለ ፍሎራይድ የበዛበት ውኃ ግን በማፍላት አይስተካከልም፤ ውኃው በተነነ መጠን ፍሎራይዱ ይጠነክራል።)

ዋናው ችግር እንግዲህ ሙቀቱ ሳይሆን ወጪው ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ አንድ ሊትር ውኃ ለማፍላት አንድ ኪሎ ያህል እንጨት እንደሚፈጅ በዘርፉ ሲነገር የቆየ ግምት አለ። አምስት ነፍስ ያለበት ቤት ለመጠጥ ብቻ በቀን አሥር ሊትር ቢያፈላ አሥር ኪሎ እንጨት ያስፈልገዋል፤ ወጡ ገና አልተሠራም፤ እንጀራውም አልተጋገረም። ከሰልም ሆነ ላምባ በየጊዜው ዋጋው በናረ ቁጥር በቅድሚያ ከምድጃው የሚወርደው የመጠጥ ውኃው ነው፤ ሳይፈላም ይጠጣልና። የጤና ትምህርት ሰጪው «አታፈሉምን?» ብሎ ሲጠይቅ እናቲቱ «እናፈላለን» ማለቷ ለይሉኝታ ነው። ይህን መልስ እንደ ቸልተኝነት ወይም እንደ ውሸት መቁጠር የማገዶውን ሒሳብ አለማወቅ ነው።

የፈላውም ቢሆን እስከ ጉሮሮ በንጽሕና መድረሱ አያስተማምንም። ክሎሪን የጨመሩበት ውኃ መድኃኒቱ ለጥቂት ጊዜ አብሮት ይቆያል፤ የፈላ ውኃ ግን ከበረደ በኋላ ራሱን የሚከላከልበት ነገር የለውም። አፈ ሰፊ ባልዲ ውስጥ ተገልብጦ፣ ሕፃኑም ሠራተኛውም በአንድ ጣሳ ሲጨልፉት ተመልሶ ይበከላል። በ2008 ዓ.ም. ክረምት ሲገባ አዲስ አበባ ላይ «አተት» በሚል አጭር ስም የተጠራው አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት በተከሠተ ጊዜ፣ ከማፍላት ጎን ለጎን እንደ «ውኃ አጋር» ያሉ ማከሚያዎችን መጠቀምና እጅን መታጠብ የተመከረው በዚህ ምክንያት ነው። አፈ ጠባቡ ጀሪካን ታጥቦ ከተከደነና ውኃው ሳይጨለፍ በማንቆርቆር ከተቀዳ፣ ከባልዲው ይሻላል።

ወሎ ሰፈር ዛሬ ሌላ መልክ ይዟል። ወደ ጎተራ የሚወስደው የኢትዮ ቻይና መንገድ የሚነሣው ከዚያው ነው፤ በዋናው መንገድ ዳርም ረጃጅም ሕንፃዎች ቆመዋል። ውኃው ግን በፈረቃ በሚመጣባቸው ቤቶች ተራው እስኪደርስ በሮቶና በጀሪካን ይጠራቀማል። አቅም ያለው የታሸገ ውኃ ይገዛል። አቅም የሌለው ደግሞ ኤሌክትሪክ ሲኖር በስቶቭ፣ ሲጠፋ በከሰል ያፈላል፤ ከሰሉም ለጀበናው ብቻ የሚበቃ ሲሆን፣ ጀበናው ይጣዳል።