ኢንቴል ላይ የተጻፈው የኤኤምዲ ስም

ሊኑክስ ለመጫን ፋይል ያወረደ ሰው «ኤኤምዲ64» የሚለውን ስም ሳያየው አይቀርም። ላፕቶፑ ላይ የተለጠፈው ግን «ኢንቴል» ሊሆን ይችላል። ታዲያ ፋይሉ ለሌላ ማሽን ነው? አይደለም፣ ያለምንም ችግር ይሠራል። ስሙ እዚያ የገባበት ታሪክ ግን የሚገርም ነው።

በ1978 እ.ኤ.አ. ኢንቴል 8086 የተባለውን ፕሮሰሰር አወጣ። ተከታዮቹ 80186፣ 80286፣ 80386 ተባሉ። ሁሉም በ86 ስለሚያልቁ ቤተሰቡ በሙሉ «ኤክስ86» ሆኖ ቀረ። ስም ከምንለው የቁጥር ጭራ ብንለው ይቀላል።

ከዚያ ከ32 ወደ 64 ቢት የመሻገር ጊዜ መጣ። ኢንቴል ከኤችፒ ጋር ሆኖ ሌላ ቤት መሥራት ጀመረ፤ ኢታኒየም። አርክቴክቸሩንም «አይኤ-64» አለው። «አይኤ» ማለት የኢንቴል አርክቴክቸር ማለት ነው። ችግሩ፣ የድሮ ፕሮግራሞች እዚያ ሲገቡ ይንቀራፈፉ ነበር። ኤኤምዲ ግን የድሮውን ቤት ሳያፈርስ ፎቅ ጨመረበት። ዕቅዱን በ1999 አሳወቀ፤ በ2003 ኦፕቴሮን የተባለውን ፕሮሰሰር ገበያ ላይ አዋለ። መጀመሪያ «ኤክስ86-64» ያለውን ሥራ፣ ኋላ የራሱን ስም አስገብቶ «ኤኤምዲ64» አለው።

ኢንቴል በ2004 ያንኑ መንገድ ተከተለ። የተፎካካሪውን ስም ግን እንዴት ይጥራ? «ኢኤም64ቲ» አለው፣ ቆየት ብሎ ደግሞ «ኢንቴል 64»። ማይክሮሶፍት የማንንም ስም ሳያነሳ «ኤክስ64» ብሎ አለፈ። ዴቢያንና ኡቡንቱ «ኤኤምዲ64» እንዳሉ ቀሩ።

እኔ የነዴቢያንን እደግፋለሁ። ሥራውን የጀመረው ይጠራበት። ግን ፎቁ የቆመው በኢንቴል መሠረት ላይ መሆኑም አይካድም። እንደኛ በአባት ስም ቢጠራ ኖሮ «ኤኤምዲ64 8086» ነበር የምንለው።

እሱም ቢሆን ሙሉ አይደለም። የ8086ን የትእዛዝ ስብስብ በዋናነት የነደፈው ስቲቨን ሞርስ የተባለ መሐንዲስ ነው። ዛሬ በዚህ ቤተሰብ ፕሮሰሰር የሚሠራ ኮምፒውተር ሁሉ የሱን ውሳኔዎች ተሸክሞ ይዞራል። ሁለቱ ኩባንያዎች በስም ሲሻሙ፣ የሱ ስም ከነዚህ በአንዱም ውስጥ የለም። ኤኤምዲ ውስጥ ፎቁን የሠሩት መሐንዲሶችም እንደዚያው።