በረዶ የሚለው ቃልና የኢትዮጵያ ተራሮች

ከሞጆ ተነሥቶ በዝዋይና በአርሲ ነገሌ በኩል ወደ ሻሸመኔ የሚዘልቀው መንገድ፣ ሻሸመኔ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ኩየራን ያቋርጣል። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ7 ዲግሪ ግድም፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በቆሎም ድንችም ስንዴም የሚበቅልባት ወይና ደጋ ናት። በዚህ አገር «በረዶ ወረደ» ሲባል የሚወርደው እንደ ጠጠር የጠነከረው ነው። ሜዳው ለጥቂት ጊዜ ይነጣል፤ ልጆች እየተሻሙ ይለቅሙታል፣ በአፋቸውም ያሟሙታል። ገበሬው ግን የሚመለከተው ወደ ማሳው ነው። የበቆሎው ቅጠል ተተልትሎ፣ የደረሰውም ስንዴ ረግፎ እንደ ሆነ የዓመት ቀለቡ በዚያች ሩብ ሰዓት አልቋልና። በሰሜኑ ደጋ ገበሬዎች በረዶን ይመልሳሉ የሚባሉ ደብተሮችን ይለምኑ የነበረው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ይህ በረዶ ከብርድ አገሩ በረዶ ጋር በስም እንጂ በአፈጣጠር አይመሳሰልም። ፀሐይ ያሞቀችው እርጥብ አየር ሽቅብ ሲወጣ ከፍ ባለው ደመና ውስጥ ጠብታው ይረጋል፤ የአየሩም ግፊት ደጋግሞ ወደ ላይ ስለሚያነሣው በላዩ ላይ ውሃ እየረጋበት ይወፍራል፤ ክብደቱ ሲያይል ይወድቃል። ስለዚህ የኩየራው በረዶ፣ ነገሩ እንግዳ ቢመስልም፣ የሙቀት ልጅ ነው። እንደ ባዘቶ የሚረግፈው ግን መሬት እስኪነካ ድረስ ቀዝቃዛ አየር ይሻል። አየር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ በእኛ ኬክሮስ ውሃ የሚረጋበት ከፍታ ከኩየራ በላይ ወደ 3,000 ሜትር ይርቃል። ባዘቶውን ማየት የፈለገ ወደ ባሌ ወጥቶ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነው በሳነቴ አምባ ወይም 4,377 ሜትር ከፍታ ባለው በቱሉ ዲምቱ ላይ ዕድሉን መሞከር አለበት። በዚያም ቢሆን ሌሊት የነጣውን የረፋድ ፀሐይ ብዙውን ጊዜ ትበላዋለች።

ግእዝ ለእነዚህ ነገሮች በረድ፣ ሐመዳ፣ አስሐትያ የሚሉ የተለያዩ ቃላት አሉት። አማርኛ ውርጭን ለይቶ፣ አመዳይንም ለመጻሕፍት ትቶ፣ የቀረውን ሁሉ በረዶ ብሎ ጠቀለለው። ጠጠሩም፣ ባዘቶውም፣ ከማቀዝቀዣ የሚወጣውም አንድ ስም አላቸው። ሐሳቡን የሚያውቅ ሕዝብ ነገሩን ራሱን አያውቅም ብሎ መፍረድ ግን ስሕተት ነው፤ ይህም ስሕተት በታሪክ ተፈጽሟል።

የአሌክሳንድርያው ነጋዴ ኮስማስ በ525 ዓመተ ምሕረት ግድም (እ.ኤ.አ.) አዱሊስ ሲደርስ ንጉሡ ካሌብ ወደ ሒምያር ለመዝመት ይዘጋጁ ነበር። የወደቡ ገዥ በንጉሡ ትእዛዝ በድንጋይ ዙፋን ላይ የተቀረጸውን የግሪክኛ ጽሑፍ እንዲገለብጥ አደረገው። ስሙ የጠፋው የአክሱም ንጉሥ በዚያ ጽሑፍ ከዓባይ ማዶ ባሉት አስቸጋሪ ተራሮች የሚኖሩትን የስሜን ሰዎች መውጋቱን ሲናገር፣ በረዶው ሰውን እስከ ጉልበቱ እንደሚያሰጥም ይገልጻል። ዓባይ የተባለው ተከዜ እንደ ሆነ ሊቃውንት ያስረዳሉ። ድል አድራጊ ጠላቱን ማግነኑ የተለመደ ነውና የጥልቀቱን መጠን መጠራጠር ይቻላል፤ በረዶው መኖሩን ግን መጠራጠር አያስፈልግም።

ይሁን እንጂ በ1769 እ.ኤ.አ. ምጽዋ የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በኢትዮጵያ ተራሮች እንዲህ ያለ በረዶ የለም ሲል ካደ። ጎንደር ለኖረ ሰው የስሜን ግንብ ሩቅ አልነበረም፤ ሆኖም ሐሩር ክልል ከበረዶ ጋር አይስማማም የሚለው እምነት ከዓይን በለጠ። ከአርባ ዓመት በኋላ በ1810 ሄንሪ ሶልት ከትግራይ ሆኖ በስሜን ራሶች ላይ በረዶ ማየቱን ጻፈ። በድንጋይ የተጻፈው የአገሩ ምስክርነት እንዲታመን ሁለተኛ መንገደኛ ማስፈለጉ የሚያስገርም ነው።

ከዚህም የቆየ ታሪክ ለኩየራ በሚቀርበው ደጋ ተገኝቷል። በአርሲ በባዳ ተራራና በባሌ የጥንት የበረዶ ግግር ጠርቦ ያለፈባቸው ሸለቆዎችና የከመራቸው ድንጋዮች ይታያሉ። በባሌ በፊንጫ ሀበራ ዋሻ የተደረገውና በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች በዚያ እየተመላለሱ እንደ ኖሩ፣ ትልቁን ፍልፈል እየጠበሱ እንደ በሉና ከባልጩት መሣሪያ እንደ ሠሩ አሳይቷል። ግግሩ ከዋሻው በላይ ነበር፤ የሚቀልጠውም ውሃ ሳያገለግላቸው አልቀረም። በሙቅ አገር የሚኖር ሰው በረዶ ሲያይ ይሸሻል የሚለውን አሳብ እነዚህ ሰዎች አይደግፉትም።

በእኛ ዘመን በብዛት በረዶ የገጠማቸው የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ናቸው። የመጀመሪያው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ኮሪያ ደረሰ፤ ከአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ጋር ተመድቦ በተራራማው ግንባር ተሰለፈ። በ1944 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር፣ በአገር ቤት መውቂያና የጥምቀት በዓል በሆነበት ወራት፣ ምሽጉ በበረዶ ተሸፍኖ ውሃው በኮዳ ውስጥ የሚረጋበት ክረምት ነበር። ለእነዚህ ሰዎች ክረምት ማለት እስከዚያ ድረስ ጭቃና ዝናም ነበር። ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን በዚያ ጦርነት ሲወድቁ፣ አንድም ሰው አልተማረከም።

በጨዋታ ረገድ ደግሞ ሮቤል ተክለማርያም በ2006 እ.ኤ.አ. በቶሪኖ የክረምት ኦሎምፒክ በበረዶ ሸርተቴ የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ ቀረበ። በ1960 በሮም በባዶ እግር ለተጀመረው የአገሪቱ የኦሎምፒክ ዝና ይህ በበረዶ ላይ የመጀመሪያው ተሳትፎ ነበር። በ2010 ወደ ቫንኩቨር ተመልሶ የ15 ኪሎ ሜትሩን ውድድር እንደገና ጨረሰ።