አዋላጅን የመምረጥ ታሪክ በመቱና በኢሉባቦር ከተሞች

እናቶች አዋላጅ መምረጥ የጀመሩት የሠለጠነ ባለሙያ ከተገኘ ወዲህ ነው የሚል ግምት በጤና ባለሙያዎች ዘንድ ይዘወተራል። የኢሉባቦር ታሪክ ግን ይህን አያሳይም። በመቱ፣ በጎሬ፣ በበደሌና በዙሪያቸው ባሉት የቡና ቀበሌዎች እርጉዝ ሴት ምጧ ከመምጣቱ አስቀድማ ማንን እንደምታስጠራ ታውቅ ነበር። በአፋን ኦሮሞ ዴሲስቱ፣ በአማርኛ የልምድ አዋላጅ የምትባለው ሴት ብዙውን ጊዜ ራሷ የወለደች፣ በዕድሜ የበሰለችና ከቤተሰቡ ጋር የምትተዋወቅ ነበረች። የመመረጧም ምክንያት ግልጽ ነው፤ ቤቷ ቅርብ ነው፤ በሌሊት ስትጠራ ትመጣለች፤ ምጡ እስኪያበቃ ጥላ አትሄድም፤ ገንፎው ቀርቦ አራሷ እስክትቀምስ ትቆያለች፤ በቤቱ ያየችውንም አደባባይ አታወጣም። ይህን ምርጫ የአላዋቂነት ውጤት አድርጎ መቁጠር ተገቢ አይደለም። ጉድለቱ በሌላ በኩል ነበር፤ ደም መፍሰስ ሲበረታ፣ ሕፃኑ አግድም ሲመጣ ወይም ምጡ ሲራዘም የዴሲስቷ እጅ ሊያደርግ የሚችለው ነገር አልነበረም።

በዚህ ረገድ ባለጠጋውም ከድኻው ብዙ አይለይም ነበር። በለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት ሆስፒታል ነርስነት የተማሩት ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ፣ ከበደሌ በስተሰሜን በምትገኘው በነቀምቴ ከባለቤታቸው ጋር ሲኖሩ እ.ኤ.አ. በ1942 ከወሊድ ጋር በተያያዘ ችግር ዐረፉ። የንጉሠ ነገሥት ልጅነትም ሆነ የነርስነት ዕውቀት በምዕራብ ኢትዮጵያ የሌለውን የድንገተኛ ወሊድ አገልግሎት ሊተካ አልቻለም። በስማቸው የተሠራው የአዲስ አበባ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1951 ሥራ ጀመረ። ባልና ሚስቱ ሐኪሞች ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ከአውስትራሊያ የመጡት በዚሁ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት ለማቋቋም ነበር።

ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጎንደር ጤና ጥበቃ ኮሌጅ ጤና መኮንንን፣ ሳኒታሪያንንና የኅብረተሰብ ነርስን በአንድ ቡድን አሠልጥኖ ወደ ጤና ጣቢያዎች መላክ ጀምሮ ነበር። የእናቶችና የሕፃናት ክብካቤ ከቡድኑ ውስጥ በዋናነት የኅብረተሰብ ነርሷ ድርሻ ሆነ። አሳቡ መልካም ነበር። ነገር ግን አንድ ጤና ጣቢያ 50000 ያህል ሕዝብ እንዲያገለግል በታቀደበት ዘመን አንዲት ነርስ የስንቱን ቤት ምጥ ልትደርስበት ትችላለች? በተለይም ክረምቱ ረዥም በሆነበት፣ ሶርና ገባ ወንዞች በሚሞሉበት አገር የመንገድ ነገር ራሱን የቻለ የማኅፀን ሕክምና ጉዳይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከ1978ቱ የአልማ አታ ጉባኤ በኋላ አቅጣጫው ተቀየረ። የልምድ አዋላጆች ከየአካባቢያቸው እየተመረጡ አጭር ሥልጠና ይሰጣቸው ጀመር፤ የእጅ ንጽሕናን፣ ንጹሕ ምላጭንና ንጹሕ ክርን እንዲለምዱ ተደረገ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ምክንያት ከወሎና ከሌሎች አካባቢዎች ወደ ኢሉባቦር የሠፈሩ ቤተሰቦችም ነበሩ። ለእነዚህ እናቶች ችግሩ እጥፍ ነው፤ የሚያውቋት አዋላጅ በትውልድ አገራቸው ቀርታለችና። ሥልጠናው የእትብት መመረዝን ለመከላከል የሚረዳ ቢሆንም ለተራዘመ ምጥና ለደም መፍሰስ መልስ አልነበረውም። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ዓለም አቀፉ የእናቶች ጤና ንቅናቄ ፊቱን ወደ ሠለጠነ ባለሙያ የመለሰው በዚህ ምክንያት ነው።

እናቶች ግን ወዲያው አልተከተሉም። በአገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት በሠለጠነ ባለሙያ የተዋለዱት ወሊዶች እ.ኤ.አ. በ2000 ከመቶ 6 ያህል ነበሩ፤ በ2005ም ቁጥሩ አልተንቀሳቀሰም። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት ሴት ሠራተኞችን መደበ፤ በኋላም አምቡላንስ፣ የእናቶች ማቆያ ቤትና ሰፊ የአዋላጅ ባለሙያዎች ሥልጠና ታከሉበት። በ2011 ከመቶ 10፣ በ2016 ከመቶ 28፣ በ2019 ደግሞ ግማሽ ያህል ደረሰ። የገንፎና የቡና ሥርዓት ወደ ጤና ጣቢያ መግባቱ ለአንዳንዱ ባለሙያ ጨዋታ መስሎ ይታየው ይሆናል፤ ነገሩ ግን ከዴሲስቷ የተወሰደ ትምህርት ነው።

ምርጫው ያልሰመረላቸው፣ ወይም ከመጀመሪያውም ምርጫ ያልነበራቸው ሴቶች ታሪክ በመቱ ከተማ በአንድ ግቢ ተሰብስቦ ይገኛል። የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2010 በመቱ ከመከፈቱ በፊት፣ ለቀናት አምጣ ፊስቱላ የደረሰባት የኢሉባቦር ሴት ሽንቷን መቆጣጠር እየተሳናት 600 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ አዲስ አበባ መጓዝ ነበረባት። በአውቶቡስ የተሣፈረች እንዲህ ያለች ሴት ከተሣፋሪው ምን እንደሚገጥማት ለመገመት አያዳግትም።

የሐምሊን ድርጅት ራሱ ግን ጥገና ብቻውን እንደማይበቃ ተረድቶ እ.ኤ.አ. በ2007 የአዋላጆች ኮሌጅ አቋቁሟል። ተማሪዎቹ ከገጠር የሚመለመሉ ሴቶች ሲሆኑ፣ ሲመረቁ ወደየመጡበት አካባቢ ተመልሰው በፊስቱላ ማዕከላቱ ዙሪያ ባሉ ጤና ጣቢያዎች ይመደባሉ። አገሬውን የምታውቅ፣ ቋንቋውን የምትናገርና ከዚያው አፈር የወጣች አዋላጅ ማለት ነው፤ የጥንቷ ዴሲስቱ ከነበራት መታመን ጋር የመርፌና የሪፈር መንገድ የታከለላት። የመቱ ዩኒቨርሲቲም አዋላጅ ባለሙያዎችን በማሠልጠን የአካባቢውን ቁጥር ከፍ እያደረገ ይገኛል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ፣ የአዋላጅ አገልግሎት በሚገባ በተደራጀባቸው ቦታዎች፣ አንዲት የምትታወቅ አዋላጅ ወይም አነስተኛ የአዋላጆች ቡድን እናቲቱን ከእርግዝና እስከ ድኅረ ወሊድ እንዲከታተል መክሯል። በተረኛ ሠሌዳ በሚሠራ ጤና ጣቢያ ግን እናቲቱ የምትመርጠው ተቋሙን ነው፤ አዋላጁን የሚመርጥላት ሠሌዳው ነው። ሌሊት በሩን የሚከፍትላት በእርግዝና ክትትሏ ጊዜ ያየቻት ሴት ልትሆን ትችላለች፤ ፈጽሞ የማታውቀው ወጣት ወንድ ባለሙያም ሊሆን ይችላል።