ፋሻው ከመፈታቱ በፊት ያለችው ሌሊት



በትግራይ ስለ ዓይን ሞራ ግርዶሽ ቀዶ ሕክምና ሲወሳ ቀድሞ የሚነገረው የዘመቻው ቁጥር ነው። ከመቀሌ ወጣ ብላ በምትገኘው ኲሓ፣ የሂማላያን ካታራክት ፕሮጀክት በደገፋቸው ዘመቻዎች በጥቂት ቀናት ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ብርሃናቸው ተመልሶላቸዋል። እኔ ዛሬ የማወሳው ግን ፋሻው ከመፈታቱ በፊት ያለችውን ሌሊት ነው።

ሃሮልድ ሪድሊ እ.ኤ.አ. በ1949 ለንደን ውስጥ የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ ሌንስ ተከለ። ከሠላሳ ዓመታት ገደማ በኋላ፣ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ የኮርኒያን ውስጣዊ ሽፋን የሚጠብቅ ዝልግልግ ፈሳሽ ሥራ ላይ ዋለ። ይህ ፈሳሽ ተጠርጎ ካልወጣ የዓይንን ውኃ መውረጃ ይዘጋል፤ በወትሮው ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የሚሆነው ግፊትም በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ያሻቅባል። አብዛኛውን ጊዜ በማግሥቱ ይረግባል። ጤነኛ ነርቭ ይህን ይችላል፤ በግላኮማ የተጎዳው ግን የተረፈችውን እይታ ሊያጣ ይችላል።

በእኛ ዘንድ ነገሩ የሚከብድበት ምክንያት አለ። ለዚሁ ቀዶ ሕክምና በተዘጋጁ ኢትዮጵያውያን ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት፣ ከሦስት ሕሙማን ከአንድ በሚበልጡት ዓይን ውስጥ ሱዶኤክስፎሊየሽን የሚባለውን ነጭ ብናኝ መሰል ክምችት አግኝቷል። እንዲህ ያለው ዓይን ለግፊትም ለግላኮማም የተጋለጠ ነው። ስለዚህ «በራሱ ይወርዳል» የሚለውን የሌላ አገር ልማድ እንዳለ መውሰድ አይገባንም እላለሁ።

መድኃኒቱ አዲስ አይደለም። በርናርድ ቤከር አሴታዞላሚድ የዓይን ግፊትን እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. በ1954 አሳወቀ። የክኒኑ ዘር የሚመዘዘው ከሰልፋ መድኃኒቶች ነው፤ ሽንት ለማብዛት የታሰበው ዓይንን አገለገለ። የቲሞሎል ጠብታ በአሜሪካ የተፈቀደው በ1978 ነው። ሁለቱም ዓይን የሚያመነጨውን ውኃ ይቀንሳሉ። ቲሞሎል ለአስም ሕመምተኛ፣ አሴታዞላሚድም ኩላሊቱ ለደከመ አይሰጥም።

መቼ ይሰጥ? ጠዋት የሚለካ ሐኪም የሚያገኘው ያለፈውን ነው፤ ግፊቱ የሚበረታው ማንም በማይለካበት ሰዓት ነውና። ለሁሉም ይታደል አልልም። ክምችቱ ለታየበት፣ ግላኮማ ላለበት፣ ፈሳሹ በሚገባ ላልታጠበለት ሰው ግን ከቀዶ ሕክምናው አልጋ ሳይወርድ ሊሰጠው ይገባል፤ ገጠር የሚመለስ ሰው በማግሥቱ ከሄደ ወዲያ ላይገኝ ይችላል።

እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2022 በነበረው ጦርነት የመቀሌ ሆስፒታሎች የመድኃኒት አቅርቦት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦባቸው ነበር። ዘመቻ የሚያቅድ ሰው ሌንስ ሲቆጥር ክኒኑንም አብሮ ይቁጠር የምለው ይህንም አስቤ ነው።