ዜና ሙሴ ዣን ማሪ ጌኤኖ

በ1990 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል በባድመ የተጫረው እሳት ሁለት ዓመት ነደደ። ከሆሳዕናም ከዱራሜም ከሾኔም ጎረምሶች ወደ ሰሜን ዘመቱ፤ እናቶቻቸውም ራዲዮ ከፍተው ዋሉ፣ አደሩም። ከሁለቱም ወገን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ረገፈ። እንግዲህ የዚያን ድንበር ሰላም አስከባሪ ጦር ከበላይ ሆነው የመሩት ፈረንሳዊ ዜና በሀድያና በከምባታ አገር ቢጻፍ ባለጉዳይ ነንና ነው።

ሙሴ ዣን ማሪ ጌኤኖ በ1942 ዓ.ም. ተወለዱ። አያታቸው በፉዤር ከተማ ጫማ ሰፊ ነበሩ። አባታቸው ዣን ጌኤኖ ግን ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ተርፈው ስመ ጥር ደራሲ ሆኑ፤ በፈረንሳይ አካዳሚም ወንበር አገኙ። ሙሴ ዣን ማሪ የመንግሥት አስተዳደር ተምረው የመንግሥትን ገንዘብ በሚመረምረው የሒሳብ ፍርድ ቤት ገቡ። ቀጥሎም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አገልግለው በምዕራብ አውሮፓ ኅብረት የአገራቸው አምባሳደር ሆኑ። ጦር የመሩ ሰው አልነበሩም፤ በመዝገብና በብዕር ያደጉ ነበሩ እንጂ።

በ1993 ዓ.ም. መስከረም ዋና ጸሐፊው ኮፊ አናን በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የሰላም ማስከበር መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ አደረጓቸው። ያ ቤት በሩዋንዳና በስሬብሬኒካ የተፈጸመውን እልቂት ባለማስቆሙ ስሙ ጎድፎ ነበር። የእኛም ጉዳይ በዚያው ሰሞን ጠረጴዛቸው ላይ ነበር። በአልጀርስ ሰኔ 11 ቀን 1992 ዓ.ም. ተኩስ እንዲቆም ተፈርሞ፣ ሐምሌ 24 ቀን የጸጥታው ምክር ቤት የኢትዮጵያንና የኤርትራን ተልእኮ አቋቁሞ ነበርና። ለተልእኮውም እስከ 4,200 የሚደርስ ጦር ተፈቀደ። ሕንዶችም ዮርዳኖሶችም ኬንያውያንም ሰማያዊ መለዮ ደፍተው መጡ፤ 25 ኪሎ ሜትር ስፋት ባለው ጊዜያዊ የጸጥታ ቀጣናም ሰፈሩ።

ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ዓ.ም. የሁለቱን አገሮች ድንበር እንዲወስን የተቋቋመው ኮሚሽን ፍርዱን ሰጠ፤ ባድመ ለኤርትራ ሆነች። ኢትዮጵያም ፍርዱን ተቃወመች፤ የድንበሩም ችካል ሳይተከል ዓመታት አለፉ። ችካሉ እስኪተከል ድረስ ሊጠብቅ የመጣው ጦር በዚያው በምሽጎቹ መካከል ቀረ።

ከሁሉ የከፋው 1998 ዓ.ም. ነበር። በመስከረም የኤርትራ መንግሥት የተልእኮውን ሄሊኮፕተሮች ከለከለ፤ ሩቅ ኬላ ላይ የታመመ ወታደር እንኳ በአየር የሚነሣበት መንገድ ጠፋ። በኅዳር መጨረሻ ደግሞ የአሜሪካ፣ የካናዳ፣ የአውሮፓና የሩሲያ ሰዎች በ10 ቀን ውስጥ ይውጡልኝ አለ። ሙሴ ጌኤኖም ይህን ለማስቀልበስ ወደ አሥመራ በረሩ፤ አልሆነላቸውም። ሠራተኞቹም ወደ ኢትዮጵያ ተዛወሩ።

በእኛ አገር ሽማግሌ የሚቀመጠው ሁለቱም ባለጠቦች ሲቀበሉት ነው፤ አንዱ እምቢ ካለ በትሩን ይዞ ይነሣል። የዚያም ተልእኮ ሥር ይኸው ነበር። 4,200 ሰው ሁለት ታላላቅ ጦሮችን በኃይል ሊያግድ አይችልም፤ የቆመው በሁለቱ መንግሥታት ፈቃድ ነበር። የመዝገቡ ሰው ጦር ማዋጣትን፣ ስንቅ ማድረስን፣ ለምክር ቤቱ ማስረዳትን ያውቁ ነበር። ፈቃድን ግን ማንም ከኒው ዮርክ በአውሮፕላን ጭኖ ሊያመጣ አይችልም፤ ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በእሳቸው ራስ ላይ መከመር ግፍ ይመስለኛል።

በ2000 ዓ.ም. ኅዳር ላይ የኤርትራ መንግሥት ለተልእኮው የሚሰጠውን ነዳጅ አቋረጠ። በየካቲትም ጦሩ ወደ ኢትዮጵያ ልሻገር ሲል ከጥቂት መኪኖች በቀር ድንበር ላይ ታገደ። ሐምሌ 24 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ በተቋቋመ ልክ በ8ኛ ዓመቱ ቀኑን ጠብቆ፣ ተልእኮው ተዘጋ።

ሙሴ ጌኤኖም በዚያው ክረምት ሹመታቸውን ለአገራቸው ልጅ ለሙሴ አሌን ለ ርዋ አስረክበው ወጡ። በስምንት ዓመት ውስጥ ያ ቤት እጅግ ሰፍቶ ነበር፤ በዓለም ዙሪያ ያሰማራው ሰው ከ100,000 በላይ ደርሶ ነበር። በባድመ ግን ክረምቱ ሲወጣ ሁለቱ ጦሮች እንደ ተፋጠጡ ነበሩ፤ በመካከላቸውም ሰማያዊ መለዮ የደፋ አልነበረም።